ቤቱን በጎማ ላይ ያቆመ ሰው፦ ከመስመር መውጣት ከሰው መውጣት ነውን?

ሰው በአንድ ስፍራ ቤት ሠርቶ፣ አጥር አጥሮና ጎረቤት ይዞ መኖሩ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ በመሆኑ፣ ከዚህ ልማድ ወጥቶ የሚኖር ሰው ባየን ቁጥር ሁለት ስሜቶች በአንድነት ያድሩብናል። አንደኛው «እንዴት ያለ ነፃነት ነው!» የሚል መደነቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው «ምን ቢደርስበት ነው?» የሚል ሐዘኔታ ነው። በዚህ በምንኖርበት በአሜሪካ አገር እነዚህን ሁለት ስሜቶች አዳብሎ የሚቀሰቅስ አንድ የአኗኗር ዘይቤ አለ። ይኸውም እንደ አውቶቡስ በገዘፈ፣ መኝታው፣ ማድ ቤቱና መታጠቢያው በውስጡ በተሠራለት ተሽከርካሪ ቤት እየኖሩ፣ ከመብራት፣ ከውኃና ከፍሳሽ መስመር ሳይገናኙ፣ የእንጀራ ሥራንም በዚያው ውስጥ እያከናወኑ ከቦታ ወደ ቦታ መዘዋወር ነው። አገሬው ተሽከርካሪውን ባጭሩ «አርቪ» ይለዋል።

«ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አናጣውም። ነገር ግን ጉዳዩ ከደጃችን ደርሷል። ከልጆቻችን መካከል ሥራቸው በኮምፒውተር ብቻ የሚከናወን ብዙዎች ናቸው፤ በተለይም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ለብዙ ሠራተኞች በየዕለቱ ቢሮ መሄድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የቤት ኪራይና የባንክ ዕዳ ያስመረራቸው ወላጆችም ጡረታ ሲቃረብ «ቤቱን ሸጠን ለምን አንገላገልም?» ማለታቸው አይቀርም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ደግሞ የረጅም ርቀት ጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ስለሆኑ፣ ከመሪ ጀርባ ባለች ጠባብ አልጋ ማደር ምን እንደሆነ ለማስረዳት የሚደፍራቸው የለም። እንግዲህ ጥያቄው የእኛም ነው፤ ራስን መቻል ማለት ምን ማለት ነው? ከመስመር ሁሉ ተላቆ የሚኖር ሰው በእርግጥ ከሰው ዕዳ ነፃ ይሆናልን?

በቅድሚያ የዚህን ኑሮ አሠራር ባጭሩ እንመልከት፤ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ከአሠራሩ የሚመነጭ ነውና። ከእነዚህ ቤቶች ታላላቆቹ ከ9 እስከ 13 ሜትር ይረዝማሉ። በጣሪያቸው ላይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎች ይገጠማሉ። የሰሌዳዎቹ ኃይል በአንድነት 800 ዋት ቢሆን፣ በአሪዞና በረሃ በብርዱ ወራት ሰማዩ ጠርቶ በዋለበት ቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስገኛል። ይህም በባትሪ ይጠራቀማል፤ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር ሰዓት የሊትየም ባትሪዎች አራት ቢሆኑ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛሉ። ኢንቨርተር የተባለው መሣሪያ ደግሞ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚስማማው 120 ቮልት ይለውጠዋል። አንድ መካከለኛ የአሜሪካ ቤተሰብ በቀን 29 ኪሎዋት ሰዓት ያህል እንደሚጠቀም ስናስታውስ፣ ባለ ተሽከርካሪው ቤት በዚያ በአንድ አሥረኛ ይኖራል ማለት ነው።

ከዚህች ትንሽ ገቢ ላፕቶፑና የሳተላይት ኢንተርኔት መቀበያው ለስምንት ሰዓት ሥራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ፤ የምግብ ማቀዝቀዣው ከአንድ የማያንስ ይወስዳል፤ የተረፈው ለመብራትና ለውኃ መግፊያ ሞተር ይሆናል። አየር ማቀዝቀዣው ግን በአንዲት ሰዓት 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚውጥ፣ የቀኑን ገቢ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠራርጎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በዚህ ኑሮ የሠለጠኑት ሰዎች ሙቀቱን በመሣሪያ ከመዋጋት ይልቅ ቤታቸውን ነድተው በበጋ ወደ ደጋ ይወጣሉ፤ በብርድ ጊዜ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። ለአገራችን አርብቶ አደር ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም።

የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። የትልቁ ተሽከርካሪ ታንከር 100 ጋሎን ማለትም 380 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ክብደቱም 380 ኪሎ ያህል ነው። አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ በቤቱ በቀን ከ300 ጋሎን በላይ እንደሚያፈስ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይናገራል። በዚያ ልማድ ቢሆን ታንከሩ ግማሽ ቀን እንኳ አይደርስም፤ ቆጥበው የሚኖሩ ባልና ሚስት ግን አሥር ቀን ያህል ያደርሱታል። ገላቸውን ሲታጠቡ ውኃውን ከፍተው ይርሳሉ፤ ዘግተው ሳሙና ይቀባሉ፤ እንደገና ከፍተው ይለቀለቃሉ። የታጠቡበት ውኃና የመጸዳጃው ፍሳሽ በየራሳቸው ታንከር ይጠራቀሙና ባለቤቱ ነድቶ ወደ ተፈቀደው መድፊያ ወስዶ በገዛ እጁ ያፈስሳቸዋል።

የሚያርፉበት መሬት በአመዛኙ የመንግሥት ነው። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በኃላፊነት የያዘው መሬት 245 ሚሊዮን ኤከር ያህል ሲሆን፣ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ብዙም አያንስም። በአብዛኛው በዚህ መሬት ላይ አንድ ሰው በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን በነፃ ሊሰፍር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ነቅሎ መሄድ አለበት። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ በአሪዞናና በካሊፎርኒያ በረሃ ለረጅም ጊዜ ማረፊያ የተከለሉ ስፍራዎች አሉ። በኳርትዝሳይት ከተማ አጠገብ ያለው ላ ፖሳ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ ወቅቱ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው። ቋሚ ነዋሪዋ ከጥቂት ሺህ የማይበልጠው ይህች ከተማ በጃንዋሪ ወር ዙሪያዋን በተሽከርካሪ ቤቶች ትከበባለች።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ ልጅ የሚኖርበትን አፓርትማ ለቆ እንዲህ ያለውን ቤት ገዛ እንበል። አባቱም ጠርተው «ልጄ፣ እኛ የተሰደድነው ተገደን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን የሠራነው እናንተ አንድ ስፍራ እንድትቆሙ ነበር። አንተ ስደትን በገንዘብህ ትገዛለህን?» ይሉታል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «አባባ፣ አይዘኑብኝ፤ እኔ የተውኩት ቤትን አይደለም፤ ዕዳውን ነው። የደመወዜን ግማሽ ለኪራይ እየከፈልኩ ፀሐይ ሳላይ ስውል ቆሜ ነበር ይላሉ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሆኖም «ሁለቱም እውነት አላቸው» ብሎ ነገሩን መተው ሽማግሌነት ስላይደለ፣ የእያንዳንዳቸው እውነት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ መመርመር ይገባናል።

ከልጁ እውነት እንጀምር። ይህ ኑሮ የሚያስተምረው ታላቅ ነገር መጠንን ማወቅ ነው። የከተማ ሰው ቧንቧ ሲከፍት ውኃው ከየት እንደ መጣ፣ ሲዘጋም ወዴት እንደ ሄደ አያውቅም። መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ ቢያድር በወሩ መጨረሻ ከሚመጣ ወረቀት በቀር የሚወቅሰው የለም። ባለ ተሽከርካሪው ቤት ግን የባትሪውን መጠን በየማታው ያያል፤ ውኃውን በጋሎን ይቆጥራል፤ ቆሻሻውን ራሱ ተሸክሞ ይደፋል። በገጠር ከምንጭ ቀድታ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት አንዲት ጣሳ ውኃ በከንቱ አትደፋም፤ ቆጣቢ ሁኚ ብሎ የሰበካት ኖሮ አይደለም፤ የውኃውን ክብደት ጀርባዋ ስለሚያውቀው ነው። የነገርን ዋጋ በአካል ማወቅ የግብረ ገብ ሁሉ መነሻ ነው፤ ዋጋውን የማያውቅ ሰው ማመስገንም መቆጠብም ይሳነዋልና።

ሁለተኛው በጎ ነገር የንብረት ቅለት ነው። ቁም ሣጥኑ ጠባብ የሆነ ሰው አንድ ልብስ ሲገዛ አንዱን ይሰጣል። በጋራዡ ውስጥ ያልተከፈተ ካርቶን ደርድሮ የሚኖር ሰው፣ ከእኛም መካከል እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ ዕቃው አያገለግለውም። በዚህ ረገድ ልጁ ከእኛ የተሻለ ነገር አግኝቷል ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይሁን እንጂ ልጁ «ራሴን ችያለሁ፤ ማንንም አልፈልግም» ያለ እንደሆነ በዚህ ላይ እንገታዋለን። ባትሪው የተሠራበት ሊትየም ከቺሊ ጨው ሜዳ ወይም ከአውስትራሊያ ማዕድን የወጣ ሊሆን ይችላል፤ የፀሐይ ሰሌዳው በአብዛኛው በቻይና ሠራተኞች እጅ ያለፈ ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣለት ሌሎች ወደ ሰማይ ካመጠቁት ሳተላይት ነው። የሚሰፍርበት መሬት የሕዝብ ሁሉ ነው፤ የሚነዳበትም መንገድ ብዙዎች በየጋሎኑ በሚከፍሉት የነዳጅ ቀረጥ የተሠራ ነው። የውኃ መቅጃውን፣ የፍሳሽ መድፊያውን፣ ድንገት ሲታመም የሚሮጥበትን ሆስፒታል ያቆሙለት በአንድ ስፍራ ተቀምጠው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከመስመር ወጣሁ የሚለው ሰው መስመሩን አልቆረጠውም፤ አረዘመው እንጂ። መስመሩ በመርዘሙም ከጫፉ ያለውን ሰው ፊት ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ያላዩትን ሰው መርሳት ደግሞ ቀላል ነው።

በትግራይ ያለውን ደብረ ዳሞን እናስብ። ከ6ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መነኮሳት በዚያ አምባ ላይ ይኖራሉ። ውኃቸውን ከዝናብ እያጠራቀሙ የሚያቆዩት ዓለቱን ፈልፍለው ባበጁት ጉድጓድ ነው። በዘመኑ ቋንቋ እንናገር ካልን ከመስመር ውጭ ለመኖር ከእነርሱ የቀደመ ብዙ የለም። ነገር ግን ወደዚያ የሚወጣው በገመድ ነው፤ ገመዱም ከላይ ሆኖ የሚስብ ሰው ይፈልጋል። ከዓለም ርቆ የሚኖረው ማኅበር የወንድሙን እጅ ሳይዝ ወደ ቤቱ መግባት አይችልም። ገመዱ ጥገኝነታቸውን አይሰውረውም፤ በየዕለቱ ያሳየዋል። በእኛ አስተያየት በመልካም ብሕትውናና በትዕቢት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ አንደኛው በማን እንደሚደገፍ ያውቃል፤ ሁለተኛው አይደገፍም መስሎታል።

አሁን ደግሞ የአባትየውን እውነት እንይ። አባት በልጃቸው ኑሮ የሚያስፈራቸው ጎማው አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው አለመኖሩ ነው። በሕግ ረገድ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በጎማ ላይ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ቋሚ አድራሻቸውን በደቡብ ዳኮታ ያደርጋሉ። በዚያ ክፍለ አገር የገቢ ግብር ስለሌለ፣ የመንጃ ፈቃድም ለማውጣት በዚያ አንድ ሌሊት ማደራቸውን የሚያሳይ ደረሰኝና ፖስታ የሚቀበልላቸው ድርጅት አድራሻ ይበቃቸው ስለነበረ ነው። በ2023 ግን ክፍለ አገሩ በምርጫ መዝገብ ለመግባት 30 ቀን መኖርን የሚጠይቅ ሕግ አወጣ። አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ለዚያ ከተማ ትምህርት ቤትና መንገድ ድምፅ ይስጥ ወይስ አይስጥ የሚለው ክርክር ለጠበቆች የሚተው ብቻ አይደለም። የኗሪነት ትርጉም ምንድን ነው የሚል የግብረ ገብ ጥያቄ በውስጡ አለ። የአንድ አገር ሰው የሚያደርገን አድራሻው ነው ወይስ ለዚያ ስፍራ የተሸከምነው ሸክም?

ልጁ በዚህ ላይ መልስ አያጣም። «አባባ፣ እርስዎ ባሉበት ሕንፃ ከጎንዎ ያለውን በር የሚከፍተውን ሰው ስም ያውቁታልን?» ቢል ምን እንመልስለታለን? ከመካከላችን በአንድ አፓርትማ አሥር ዓመት ኖሮ ጎረቤቱን ያላወቀ አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የምንል ሰዎች ጎረቤታችንን በአሳንሰር ውስጥ እንደ ባዕድ እናልፈዋለን። እንግዲህ ከሰው የሚለየን ጎማ ብቻ አይደለም። በመሠረት ላይ የቆመ ቤትም ሰውን ከሰው ሊያርቅ ይችላል።

በተቃራኒው ተንቀሳቃሽ ቤት ሁሉ ከሰው አያርቅም። የአፋር ወገናችን ቤቱን ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን ምንጣፍ ሠርቶ፣ ሲነሣም በግመል ጭኖ ይሄዳል። ሆኖም በመንገድ ላይ ሁለት አፋሮች የተገናኙ እንደሆነ ሳይቀመጡና ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም፤ ይህም ዳጉ ይባላል። ግጦሹ ወዴት እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ሞተ በዚህ መንገድ በምድረ በዳው ሁሉ ይዳረሳል። ወሬውን መደበቅም ሆነ ማጣመም ነውር ነው። ስለዚህ አፋሩ ቤቱን ይዞ ቢዞርም አንድም ቀን ብቻውን አልሆነም። እርሱን በሥርዓት የያዘው ግድግዳ አይደለም፤ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ያለበት ግዴታ ነው።

የአሜሪካኖቹም ታሪክ ወደዚሁ ይመራናል። በ1978 ጆ እና ኬይ ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት በጎማ ላይ ለሚኖሩ ሰዎች «ኤስኬፒስ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ፤ ትርጉሙም «ያመለጡ» እንደ ማለት ነው። ከቤት ዕዳና ከአጥር ያመለጡት እነዚህ ሰዎች ዓመታት ሲያልፉ ሌላ ነገር ገጠማቸው፤ አረጁ፣ ታመሙ፣ መንዳት ተሳናቸው። በዚህ ጊዜ ማኅበሩ በቴክሳስ፣ በሊቪንግስተን ከተማ፣ አባላቱ በገዛ ተሽከርካሪ ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ምግብና እንክብካቤ የሚያገኙበትን ድርጅት አቆመ። ራስን መቻልን የሰበኩት ሰዎች በመጨረሻ የሠሩት ነገር እኛ ዕድር የምንለውን ይመስላል። ይህን የምንለው በእነርሱ ለመሳለቅ አይደለም፤ እንዲያውም ሊመሰገኑበት ይገባል። ከመስመር መውጣት እንደሚቻል፣ ከሰው መውጣት ግን እንደማይቻል በተግባር አስመስክረዋልና። በኳርትዝሳይትም ከ2011 ጀምሮ ልምድ ያላቸው ለጀማሪዎች በነፃ የሚያስተምሩበት ጉባኤ በየጊዜው ሲደረግ ቆይቷል።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። በጎማ ላይ የሚኖረው ሁሉ ፈልጎ የመጣ አይደለም። ዋሊ ባያም የተባለው የኤርስትሪም ተጎታች ቤቶች መሥራች በ1959 ተከታዮቹን አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሥቶ በ1960 ካይሮ ሲገባ፣ በመንገዱ ኢትዮጵያን አቋርጦ ነበር፤ ተጓዦቹም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። እነዚያ ሰዎች የብር መልክ ያለው ቤታቸውን የጎተቱት የሚመለሱበት ቤት ስላላቸው ነው። በ2017 ጄሲካ ብሩደር ባሳተመችው «ኖማድላንድ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ግን ሌሎች ናቸው። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቤታቸውንና ጥሪታቸውን አጥተው፣ በእርጅና ዘመናቸው ከመጋዘን ወደ እርሻ እየዞሩ የወቅት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። የመጽሐፉ ታሪክ ወደ ፊልም ተለውጦ በ2021 ትልቁን የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ሆኖም በ2024 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኦሪገን ክፍለ አገር፣ ከግራንትስ ፓስ ከተማ በቀረበለት ጉዳይ፣ ከተሞች በሕዝብ ቦታ ላይ የሚያድሩ ሰዎችን መቅጣታቸው ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ጭካኔ አይደለም ሲል ወሰነ። በምድረ በዳው በውድ ተሽከርካሪ የሰፈረውን «ነፃ ሰው» ብለን፣ በከተማው ጎዳና በአሮጌ መኪና የሚያድረውን «ቤት የለሽ» የምንል ከሆነ፣ የምንመዝነው ኑሮውን ሳይሆን የመኪናውን ዋጋ ነው። የቀላል ኑሮ ምስጋና የድህነት መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። በፈቃድ ትንሽ መያዝ በጎነት ነው፤ ተገፍቶ ትንሽ መያዝ ግን ፍትሕን የሚጠይቅ በደል ነው።

የአባትየው የመጨረሻ ፍርሃት ስለ ሞት ነው። በስደት ላይ ያለ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚጨነቀው «ማን ይቀብረኛል?» እያለ እንደሆነ ለእኛ አስረጂ አያሻንም፤ በየከተማው ዕድር ያቋቋምነው በዚሁ ምክንያት ነው። በድንኳን የኖረው አባታችን አብርሃም እንኳ በእንግድነት ምድር ሲዞር ኖሮ፣ ሣራ በሞተች ጊዜ የመክፌላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ለመኖሪያ መሬት ያልገዛ ሰው ለመቀበሪያ ገዛ። በኳርትዝሳይት መቃብር ላይም ከአካባቢው ድንጋይ የተሠራ፣ አናቱ ላይ የብረት ግመል የቆመበት ፒራሚድ አለ። ከሥሩ የተቀበረው በ1902 የሞተው ሐጂ ዓሊ ነው፤ አገሬው ስሙን አጣሞ «ሃይ ጆሊ» ይለዋል። በ1856 የአሜሪካ ጦር ግመሎችን ለበረሃ ሥራ ባስመጣ ጊዜ ከኦቶማን ግዛት ከሶርያ የመጣ የግመል ነጂ ነበር። ዕድሜውን በበረሃ ሲዘዋወር የኖረው ይህ ስደተኛ ስሙን ይዞ የቆየው የአካባቢው ሰው ስላስታወሰውና ድንጋይ ስላቆመለት ነው። በየዓመቱ በዚያ የሚሰፍሩት ተጓዦች በመቃብሩ አጠገብ ያልፋሉ።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? ለልጁ የምንለው ይህ ነው። ቤትህ ጎማ ስላለው አንነቅፍህም። ነገር ግን ሦስት ነገር እንጠይቅሃለን። አንደኛ፣ አንድ ሳምንት ድምፅህ ቢጠፋ የት እንዳለህ ተጨንቆ የሚፈልግህ ማን ነው? ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው እንኳ ከሌለህ ነፃነት ያልከው ነገር መረሳት ነው። ሁለተኛ፣ 14 ቀን የሰፈርክበትን ምድር ስትለቅ ምን ትተህ ትሄዳለህ? ቆሻሻ አለመተው መልካም ነው፤ ግን ከዚህ በላይ በአቅራቢያህ የሰፈረውን ሽማግሌ ባትሪውን ጠግነህለት፣ ውኃ ቀድተህለት ሄደሃልን? ሦስተኛ፣ ከኪራይ የተረፈህን ገንዘብና ጊዜ ለማን አደረግኸው? ዕዳን ማምለጥ በራሱ በጎነት አይደለም፤ በጎነት የሚሆነው ያመለጠው ሰው እጁን ለሌላው ሲዘረጋበት ነው።

ለአባትየውም የምንለው አለን። ልጅዎ ጠፍቷል ብለው አይፍረዱ። እኛ ራሳችን ከተወለድንበት ምድር ርቀን፣ መሠረታችን በሌላ አህጉር ሆኖ እዚህ ቤት ስንሠራ፣ አንድ ላይ የያዘን ግድግዳ እንዳልሆነ እናውቃለን። የመጀመሪያው ስብሰባችን በኪራይ አዳራሽ ሲሆን «ይህ ቤት አይደለም» ብሎ የቀረ አልነበረም። የሰው ቤት ሰው ነው ያልነው እኛው ነን። ስለዚህ ልጅዎን ከመውቀስ ይልቅ በየሳምንቱ ይደውሉለት፤ ሲመጣም ያን ረጅም ተሽከርካሪ የሚያቆምበት ቦታ ያዘጋጁለት፤ የዕድሩን መዋጮም ባለበት ሆኖ እንዲከፍል ያስመዝግቡት።

አብርሃም በድንኳኑ የታወቀው ድንኳኑ ከቦታ ቦታ ስለ ተነቀለ አይደለም፤ በቀትር ጊዜ በደጃፉ ተቀምጦ መንገደኛን ሲያይ ተነሥቶ ስለ ሮጠ ነው። በመሠረት ላይ ያለውንም፣ በጎማ ላይ ያለውንም ቤት የምንመዝንበት መለኪያ ይኸው ነው። ከመብራትና ከውኃ መስመር የሚወጣ ሰው ይውጣ፤ ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኘውን መስመር ግን በጎማ የሚኖረውም፣ በመሠረት ላይ የምንኖረው እኛም አብዝተን እንጠብቀው።